በሰው አገር ትንሽ ንግድ ስለ መጀመር

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ)



በዚህ የትምህርት ቤታችን መጽሔት በየዓመቱ ስለ ጤና፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሳይንስና ስለ መልካም ጠባይ ልዩ ልዩ ጽሑፎች ይቀርባሉ። እኔ ለዘንድሮው የመረጥሁት ርእስ ግን በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ራሱን በቻለ ምዕራፍ አይገኝም፤ ሆኖም በዕረፍት ሰዓት ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበን ከሁሉ ይልቅ የምንነጋገረው ስለ እርሱ ነው። ይኸውም፥ ሰው አገሩን ለቅቆ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር በሄደ ጊዜ ትንሽ ንግድ የሚጀምረው እንዴት ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ ምክንያት አለ። በ9ኛ ክፍል አብረውኝ ከነበሩት ልጆች ሁለቱ ዛሬ በክፍላችን የሉም። በሞያሌ በኩል አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። አንደኛው ደርሶ በሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ የሁለተኛው እናት ግን እስከ ዛሬ ድረስ የስልክ ድምፅ ይጠብቃሉ። በእኛም ቤት የመልቀቂያ ፈተናዬን ከጨረስሁ በኋላ እኔም እንድሄድ አንዳንድ ዘመዶች ለአባቴ ምክር አቅርበውላቸዋል። ስለዚህ ነገሩን እንደ ተማሪ ላጠናው ተነሣሁ። በዚህም የእናቴ ወንድም የሆኑት አጎቴ ብዙ ረድተውኛል። እርሳቸው ከ1996 እስከ 2011 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ነግደው የተመለሱ ሲሆኑ፥ ዛሬ በሠፈራችን አነስተኛ ሱቅ አላቸው፤ እኔም ማታ ማታ የዱቤ መዝገባቸውን እጽፍላቸዋለሁ።

1ኛ፤ ትንሽ ንግድ ምንድር ነው? መጻተኛስ ስለ ምን ይመርጠዋል?

ትንሽ ንግድ የምንለው ባለቤቱ ራሱ ገዥ፣ ራሱ ሻጭ፣ ራሱ ዘበኛ፣ ራሱም ሒሳብ ያዥ የሆነበትን ንግድ ነው። መነሻ ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ትርፉም በሳንቲም የሚለቀም ነው፤ ኪሣራው ግን ለብዙ ሰው ሳይካፈል በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ጉሊት፣ ሱቅ በደረቴ፣ ሻይ ቤትና የሠፈር ሱቅ ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው።

መጻተኛ ይህን ሥራ የሚመርጥባቸው ምክንያቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛ፥ ለመቀጠር ቋንቋ፣ የትምህርት ማስረጃና የመታወቂያ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ለመሸጥ ግን ቍጥርንና «ስንት ነው?» የሚለውን ቃል ማወቅ ለጊዜው ይበቃል። ሁለተኛ፥ በብዙ አገር ለባለ አገሩም ሥራ አይተርፍም። ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካ ለሥራ ከደረሱትና ሥራ ከሚፈልጉት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነው። ሦስተኛ፥ ቀድመው የሄዱት ወገኖቹ በዚያው ሥራ ውስጥ ስላሉ የሚያስተምሩትም የሚያበድሩትም እነርሱ ናቸው።

የመጻተኛ ንግድ ደግሞ በገበያው ዐይነት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ለአገሩ ልጆች የሚሸጥበት ነው። በአሜሪካ በዋሽንግተን ዲሲና በሎስ አንጀለስ ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና እንጀራ መሸጫዎች የተጀመሩት በዚህ መንገድ ነው፤ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤትም በ1994 ዓ.ም. በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ይህ ዐይነቱ ንግድ ለመጀመር ይቀላል፤ ገዥው ቋንቋህንም ወጥህንም ያውቃልና። ነገር ግን ገበያው በአገር ልጆች ቍጥር የተወሰነ ስለሆነ፥ ምግቡን ባለ አገሮቹ ካልለመዱት በስተቀር አያድግም። ሁለተኛው ዐይነት ለባለ አገሮቹ የሚሸጥበት ነው። ገበያው ሰፊ ነው፤ ነጋዴው ግን በማያውቀው ሕዝብ መካከል ብቻውን ይቆማል። በደቡብ አፍሪካ ያሉት ወገኖቻችን አብዛኞቹ በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ናቸው።

2ኛ፤ እኛም አስተናጋጆች ነበርን

ወደ ደቡብ አፍሪካ ከመሻገራችን በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን የራሳችንን አገር እንመልከት። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን ከየመን የመጡ ነጋዴዎች ለብዙ ዓመታት የሠፈር ሱቅ ይዘው ኖረዋል፤ ሕዝቡም «ዐረብ ቤት» ይለው ነበር። ባለ ሱቁ ሌሊቱን የሚያድረው እዚያው ከዕቃው ጋር ነው፤ ጧት ከሁሉ ቀድሞ ይከፍታል፤ ስኳሩንና ዘይቱን ድኻ በሚችለው መጠን እየከፋፈለ ይሸጣል፤ አማርኛንም የሚማረው ከደንበኞቹ አፍ ነው። አርመኖችም እንዲሁ በወርቅ ሥራ፣ በጫማ፣ በቆዳና በማተሚያ ሥራ ታውቀው ነበር። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ድርጅቶችና ቤቶች ሲወረሱ ከእነዚህ መጻተኞች ብዙዎቹ አገራችንን ለቀው ሄደዋል።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በጆሃንስበርግ አንድ የሆሳዕና ልጅ የሚሠራው ሥራ ትናንት በአዲስ አበባ የየመኑ ሰው ይሠራው ከነበረው ጋር አንድ ነው፦ በሱቅ ማደር፣ ጧት መክፈት፣ ከፋፍሎ መሸጥ፣ በዱቤ ማመን። ስለ እርሱም ይባል የነበረው መልካምና ክፉ ቃል ዛሬ ስለ እኛ ይባላል። ስለዚህ ነገሩን በባለ አገሩም በእንግዳውም ዐይን ለማየት ከሌላው ይልቅ እኛ እንችላለን።

3ኛ፤ ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ

በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ አብቅቶ በ1986 ዓ.ም. ሁሉም ዜጋ የመረጠው መንግሥት ከተቋቋመ በኋላ፥ ያ አገር ለሌሎች አፍሪካውያን መንገደኞች እየተከፈተ መጣ። ከአገራችንም ብዙ ወጣቶች ወደዚያ ሄደዋል፤ በተለይም ከሀድያና ከከምባታ አካባቢዎች፥ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዙሪያ፥ ከየቀበሌው የሄደ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው ይባላል። እነዚህ ቦታዎች ከሐዋሳ ሩቅ ስላልሆኑ በእኛም ክፍል የአጎትና የአክስት ልጅ እዚያ የሌለው ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል።

የእነዚህ ነጋዴዎች ማዕከል በጆሃንስበርግ መካከል ያለው፥ ወገኖቻችን «ጄፒ» የሚሉት የጄፒ ጎዳና ነው። መንገዱ ዛሬ በሕግ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ስም ሲሆን፥ እርሷም በነሐሴ 3 ቀን 1948 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተደረገውን የሴቶች ታላቅ ሰልፍ ከመሩት አንዷ ነበረች። በዚያ ሠፈር ቀድሞ የሐኪሞች ክፍሎች የነበሩባቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ነበሩ። ታላላቆቹ ድርጅቶችና ሐኪሞች ከመካከለኛው ከተማ እየለቀቁ ወደ ሰሜኑ ክፍል በሄዱ ጊዜ ሕንፃዎቹ ባዶ ቀሩ፤ ኢትዮጵያውያንም ተከራይተው እያንዳንዱን ክፍል ወደ ጠባብ ጠባብ ሱቅ ለወጡት። «ሜዲካል አርትስ» የተባለው ሕንፃ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ስሙ የሕክምና ሆኖ ሳለ የሚሸጥበት ልብስ፣ ጫማ፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ ነው። ከዚምባብዌ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከማላዊና ከሌሎችም ጎረቤት አገሮች ነጋዴዎች እየመጡ በጅምላ ይገዙበታል።

ከዚህ ማዕከል ዕቃው ወደ ከተማው ዳር ይወጣል። በዘር መድልዎ ዘመን ጥቁሮች ተለይተው እንዲኖሩባቸው የተደረጉትን ሠፈሮች ወገኖቻችን «ሎኬሽን» ይሏቸዋል። በእነዚህ ሠፈሮች ያለው የመንደር ሱቅ በአገሩ አጠራር «ስፓዛ» ይባላል። እንግዲህ ጄፒ ጅምላው፣ ሎኬሽን ችርቻሮው ነው ማለት ነው።

4ኛ፤ ያለ ገንዘብ እንዴት ይጀመራል?

አጎቴ ጆሃንስበርግ በደረሱ ጊዜ በኪሳቸው የነበረው ገንዘብ ለአንድ ሳምንት ቀለብ የሚበቃ አልነበረም። ታዲያ በምን ጀመሩ? ብዬ ጠየቅኋቸው። «በሰው አፍ ጀመርሁ» አሉኝ። የአገራቸው ሰው ወደ ጅምላ ሻጭ ወስዶ «ይህ ልጅ የእገሌ ልጅ ነው፤ እኔ ዋስ ነኝ» አለላቸው። ጅምላ ሻጩም 10 ብርድ ልብስ በእምነት ሰጣቸው። እርሳቸውም ተሸክመው በሎኬሽን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፥ ደመወዝ ሲደርስ በሚከፈል ዱቤ ሸጡ። እንግዲህ የመጻተኛ የመጀመሪያው ካፒታል ገንዘብ ሳይሆን መታመን ነው። ይህም መታመን እንደ ገንዘብ ይከማቻል፤ እንደ ገንዘብም ይጠፋል።

ነገር ግን መታመን ያለ ሒሳብ ዋጋ የለውም። ከዚህ በታች ያለውን ምሳሌ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ቍጥሩም ለትምህርት ያህል የተወሰደ ነው።

አንድ ነጋዴ 10 ብርድ ልብስ እያንዳንዱን በ200 ራንድ ተቀበለ እንበል፤ ዕዳው 2,000 ራንድ ነው። እያንዳንዱን በ300 ራንድ በዱቤ ሸጠ። ሁሉም ቢከፍሉት 3,000 ራንድ ይሰበስባል፤ ትርፉም 1,000 ይሆናል። ሆኖም ሁሉም አይከፍሉም። አንድ ታማኝ ደንበኛ 100 ራንድ ያተርፈዋል፤ አንድ የሚክድ ደንበኛ ግን 200 ራንድ ያጠፋበታል። ስለዚህ አንዱ ከሐዲ የሁለት ታማኞችን ትርፍ ይበላል። ከ10 ሰዎች 3ቱ ቢክዱ የሚሰበሰበው 2,100 ነው፤ የሚተርፈው 100 ራንድ ለታክሲም አይበቃም። 4ቱ ቢክዱ የሚሰበሰበው 1,800 ነው፤ ነጋዴው 200 ራንድ ከሠረ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ነጋዴው ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው 100 ራንድ ቀብድ ተቀበለ እንበል። 4ቱ ቀሪውን ቢክዱም ከ6ቱ 1,800፣ ከ4ቱ ቀብድ 400፣ ጠቅላላ 2,200 ራንድ ይሰበስባል፤ 200 ራንድም ያተርፋል። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ብርድ ልብሱም ያው ነው፤ ልዩነቱ ቀብዱ ብቻ ነው። አጎቴ ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ሙሉ ከሥሬያለሁ ብለውኛል፤ እኛ ግን በአንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልንማረው እንችላለን።

ከሱቅ በደረቴ ወደ ሱቅ ለመሸጋገር የሚረዳው ደግሞ ዕቁብ ነው። ለምሳሌ 20 ሰዎች በየሳምንቱ 500 ራንድ ቢጥሉ በየሳምንቱ 10,000 ራንድ ለአንድ ሰው ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው የጣለው 500 ብቻ ስለሆነ 9,500 ራንድ ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚደርሰው ደግሞ ለ19 ሳምንታት ለሌሎቹ ሲያበድር ቆይቷል። እንግዲህ ዕቁብ ለመጀመሪያው ባንክ፣ ለመጨረሻው ደግሞ የቍጠባ ሣጥን ነው። ወረቀቱ ስላልተሟላ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ለሚቸገር መጻተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የደረሰው ሰው ተቀብሎ እንዳይጠፋ ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱም የሚገኘው ከላይ እንዳልነው በመታመን ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያችን የሚሠራው ድሩ ካልተበጠሰ ነው።

ሱቁ ከተከፈተ በኋላ መጻተኛው ርካሽ አድርጎ ለመሸጥ የሚችለው በአስማት አይደለም። በርከት ያሉ ባለ ሱቆች ገንዘባቸውን አዋጥተው ዱቄቱንና ስኳሩን በአንድ መኪና ይገዛሉ፤ ስለዚህ የጅምላ ዋጋ ይቀነስላቸዋል፤ የመጓጓዣውንም ኪራይ ይካፈላሉ። ከጧት እስከ ማታ ይከፍታሉ። አንድ እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ስኳር የሚፈልገውን ሰው አይመልሱም። ከእያንዳንዱ ዕቃ የሚያገኙት ትርፍ ጥቂት ቢሆንም ዕቃው ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለስ በወሩ መጨረሻ ይጠራቀማል።

5ኛ፤ ስለ ሕግና ስለ ወረቀት

በሰው አገር የሚነግድ ሰው ከሸቀጡ እኩል ወረቀቱን መጠበቅ አለበት። በደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ በየጊዜው የሚታደስ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠዋል። በኅዳር 1996 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ሁሉ በጅምላ ከሥራና ከትምህርት መከልከል ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ነው ሲል ፈረደ። ቈይቶም በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ፖሊሶች የስደተኞችን ሱቆች በዘመቻ በዘጉ ጊዜ ነገሩ በክስ ወደዚያው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ ለማውጣት እንደሚችሉ ወሰነ። ይህን የምጽፈው መጻተኛም ሕግ ካወቀ በፍርድ ቤት ሊረታ እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀውን ያህል ግዴታም ያስከትላል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሶዌቶ ናሌዲ በተባለው ሠፈር 6 ሕፃናት በመርዝ ሞቱ፤ መርዙም ተርቡፎስ የሚባል፥ ለእርሻ የታሰበ ነገር ግን ለአይጥ ማጥፊያ እየተባለ ያለ ፈቃድ ሲሸጥ የነበረ ኬሚካል ነበር። ከዚህ በኋላ በኅዳር ወር ፕሬዚዳንት ራማፎዛ የስፓዛ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ በየማዘጋጃ ቤቱ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀኑም በኋላ እስከ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ተራዘመ። ከዚህ የምንማረው ትምህርት በሐዋሳም የሚሠራ ነው፦ የአይጥ መርዝና የበረኪና ጠርሙስ ከዱቄትና ከብስኵት ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥም።

ሕግ የሚያጠብቀው የሰው አገር ብቻ ነው ብለን እንዳናማ የራሳችንንም እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቍጥር 1180፥ አንድ የውጭ ባለ ሀብት በአገራችን ብቻውን ለሚያቋቁመው አንድ ሥራ ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲያቀርብ ይደነግጋል። በ10 ብርድ ልብስ ለሚጀምር እንግዳ በዚህ በር መግባት የማይታሰብ ነው።

6ኛ፤ ስለ ጎረቤት

በግንቦት 3 ቀን 2000 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ በተባለው ሠፈር በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት ተነሣ፤ ወደ ሌሎችም ከተሞች ተዛምቶ 62 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት 21ዱ የዚያው አገር ዜጎች ነበሩ፤ እሳት ባለ አገሩንና እንግዳውን አይለይምና። ተመሳሳይ ሁከት በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያና በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም ደርሷል። የባለ አገሮቹ ቅሬታ «ሥራችንን ወሰዱብን፤ ሱቃችንን አዘጉብን» የሚል ነው። በእርግጥም ብቻውን የሚነግድ የመንደር ባለ ሱቅ፥ በማኅበር ከሚገዙት መጻተኞች ጋር በዋጋ ለመወዳደር ያስቸግረዋል። በሌላ በኩል ግን መጻተኛው የተከራየው ቤት የባለ አገሩ ነው፤ ኪራዩም ብዙ ጊዜ የአንዲት ባልቴት የወር ቀለብ ነው። ቅሬታው እውነት ያለበት ቢሆንም መግደልንና መዝረፍን ትክክል አያደርገውም።

የአጎቴም ሱቅ በዚያው ግንቦት ወር ተዘርፎ ተቃጠለ። እርሳቸውን ያዳኗቸው ቤቱን ያከራዩዋቸው ሴትዮ ናቸው፤ ሁለት ሌሊት በጓዳቸው ደበቋቸው። በሦስተኛው ቀን ወጥተው ሲያዩ ከሱቁ የቀረው የብረት በሩ ብቻ ነበር። የዱቤው መዝገብም አብሮ ነድዷል። በዚያ መዝገብ 40 ያህል ባለ ዕዳዎች ተጽፈው ነበር።

«ከዚያስ?» አልኋቸው።

«ከዚያማ አንዲት አሮጊት መጡ» አሉኝ። «በመሐረብ የቋጠሩትን ገንዘብ ፈትተው ሰጡኝ። መዝገቡ ተቃጥሏል፤ ስንት እንዳለብዎ አላውቅም ብላቸው፥ እኔ አውቃለሁ አሉኝ።»

ከ40ዎቹ መካከል እንዲህ አድርገው የከፈሉት 11 ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ አልከፈሉም። በጄፒ ያለው ጅምላ ሻጭም የቀድሞውን አከፋፈላቸውን አስታውሶ እንደገና ዕቃ በእምነት ሰጣቸው። ያን ጊዜ ከሌላ ሠፈር ገብተው እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔ ይህን ስሰማ 11 ሰው ጥቂት ነው ብዬ ነበር። አጎቴ ግን «ልጄ፥ በሰው አገር 11 ሰው ማለት ቀላል አይደለም። ሰላምታ እሳት አያጠፋም፤ ነገር ግን በር የሚከፍትልህ ሰላም ያልኸው ሰው ነው» አሉኝ። እርሳቸው የሠፈሩን ቋንቋ ዙሉን ተምረው፣ ቀብር ሲኖር ሱቃቸውን ዘግተው ይሄዱ ነበር። ይህ በንግድ ትምህርት ውስጥ በትርፍ ዐምድ አይጻፍም፤ ሆኖም የንግድ አካል ነው።

7ኛ፤ ከሁሉ በፊት የሚቈጠረው ሒሳብ

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ደረሰ ሰው ነው። ያልደረሰውስ? በመጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ናቸው። ይህን ቍጥር በወረቀት ላይ ጽፌ ስመለከተው የክፍላችንን ተማሪዎች ቍጥር አስታወሰኝና ለጊዜው ጽሑፌን አቋረጥሁ።

ለሚደርሰውም ቢሆን የመጀመሪያው የሒሳብ ገጽ ባዶ አይደለም። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በሬ ተሸጦ፣ ቦታ ተሸጦ፣ ከዘመድ ተለቅሞ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ መጻተኛው ንግዱን የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች ነው። ለምሳሌ ዕዳው 60,000 ራንድ የሚያህል ቢሆንና ነጋዴው ከቀለብና ከኪራይ የሚተርፈው በወር 1,500 ራንድ ቢሆን፥ ዕዳውን ብቻ ለመክፈል 40 ወር ማለትም 3 ዓመት ከ4 ወር ያስፈልገዋል። ይህም ሳይዘረፍ፣ ሳይታመምና ወረቀቱ ሳይቋረጥ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤተ ሰቡ የሚያርስበት በሬ የለውም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዳይደርስብን፥ ከመነሣታችን በፊት ይህን ገጽ መጻፍ ይገባናል።

ከዚህም ቀጥሎ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ፥ ያ ገንዘብ እዚሁ ቢውል ምን ይሠራል? የሚለው ነው። እውነቱን ለመናገር መልሱ ሁልጊዜ «እዚህ ይሻላል» አይደለም። በሐዋሳም ሱቅ መክፈት ኪራይ፣ ግብርና ፈቃድ አለው፤ ዋጋም በየጊዜው ይጨምራል። ብዙዎቹ የሚሄዱት ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን ሞክረው ስላቃታቸው ነው። እንዲሁም ከዚያ የሚላከው ገንዘብ በሆሳዕናና በዱራሜ ቤት አሠርቷል፤ ታናናሾችን አስተምሯል። ይህን መካድ አይገባም። የእኔ አሳብ፥ መሄድም መቅረትም በወሬ ሳይሆን በቍጥር ይወሰን ነው።

8ኛ፤ መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት ያገኘሁት ትምህርት በአጭሩ የሚከተለው ነው። የመጻተኛ ትንሽ ንግድ በአራት እግር ይቆማል፦ በመታመን፣ በሒሳብ፣ በሕጋዊ ወረቀትና በጎረቤት። ገንዘብ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ከአራቱ መካከል ሦስቱን ሰው በአገሩም ሳለ ሊለማመዳቸው ይችላል፤ የዱቤ መዝገብ መያዝ፣ ዕቁብ በሰዓቱ መጣልና ጎረቤትን ማክበር ፓስፖርት አያስፈልጋቸውምና። እዚህ ያልተማራቸውን እዚያ ሲማር ግን ዋጋው ይከብደዋል።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከማስረከቤ በፊት 7ኛውን ክፍል በቤታችን ለአባቴ አነበብሁላቸው። አጎቴም ነበሩ። አባቴ የ40 ወሩን ሒሳብ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው «በል እንግዲህ ፈተናህን ተፈተን፤ ቦታው የትም አይሄድም። ከዚያ በኋላ እንደገና ተቀምጠን እንቈጥራለን» አሉኝ። አጎቴ ምንም አልጨመሩም፤ የሱቁን ቍልፍ ሰጥተው የማታውን መዝገብ እንድጽፍ ላኩኝ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንድ ነጋዴ 12 መጋረጃ እያንዳንዱን በ150 ራንድ ተረክቦ በ250 ራንድ በዱቤ ሸጠ። ቀብድ ሳይቀበል 5 ሰዎች ቢክዱት አተረፈ ወይስ ከሠረ? ከእያንዳንዱ 50 ራንድ ቀብድ ቢቀበልስ ኖሮ?

2. በዕቁብ መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው ሰው እኩል ተጠቅመዋል ማለት ይቻላል? ስለ ምን?

3. በሠፈራችሁ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ የሚነግድ ሰው አለ? ስሙን ታውቁታላችሁ?